ከማቅለጥ በፊት



ዛሬ የምናገረው በየቤታችን ሣጥን ግርጌ በጨርቅ ተቋጥሮ ስለሚኖር ነገር ነው። አንዱ የጠፋበት ጉትቻ፣ ማጠፊያው የተሰበረ አልቦ፣ ክሩ በስብሶ የተበተነ ድሪ፣ ማንጠልጠያው ያለቀ የአንገት መስቀል። እንዳይደረግ ተሰብሯል፤ እንዳይጣል ደግሞ የእናት ነው። ታዲያ አንድ ቀን ቤት ሲጠረግ ወይም ገንዘብ ሲያጥር ወደ ብር ቤት ይወሰዳል። ገዢው ሚዛን ላይ ያደርገዋል፣ ዋጋ ይጠራል፣ ጌጡም ከሌሎች ስብርባሪዎች ጋር ተደባልቆ ማቅለጫ ውስጥ ይገባል።

እኔ የመጣሁት እንዲህ ያለው ጌጥ ሌላ መንገድ እንዳለው ልሟገትለት ነው። ስብርባሪው ሳይቀልጥ፣ እንዳለ፣ ለአዲስ ጌጥ መነሻ ሊሆን ይችላል። የእኔ ሥራ ይኸው ነው፤ ኑሮዬም ከዚሁ ነው። እሳት ክፉ ነው ማለቴ ግን አይደለም። የብር ጌጣችን ታሪክ የሚጀምረው ከማቅለጥ ስለሆነ እኔም ከዚያው ልነሳ።

አያቶቻችን አንገትና እግር ላይ የነበረው ብር አብዛኛው ከአገራችን መሬት ተቆፍሮ የወጣ አይደለም። በገንዘብ መልክ ከባሕር ማዶ የመጣ ነው። ይህም የኦስትሪያዋ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ ምስል ያለበት፣ እኛ ጠገራ ብር የምንለው ነው። ንግሥቲቱ ያረፉት በ1780 እ.ኤ.አ. ሲሆን ገንዘቡ ከእሳቸው በኋላም ያንኑ 1780 የሚለውን ቁጥር እንደያዘ ከቪየና ሌላ በሮም፣ በፓሪስ፣ በለንደንና በቦምቤይ ሳይቀር ሲመታ ኖሯል። ክብደቱ 28 ግራም ያህል ነው። ከ1000 እጅ 833ቱ ንጹሕ ብር፣ የቀረው በአብዛኛው መዳብ ነው። ወርቅ የሚመዘንበት ወቄትም ከዚሁ ከአንድ ጠገራ ክብደት ጋር የተካከለ ነበር።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1887 ዓ.ም. የራሳቸውን ምስል የያዘ ብር ፓሪስ አስመትተው አወጡ። ገበሬውና ነጋዴው ግን ጠገራውን አልለቀቀም። ሰው ጠገራ ሲቀበል ዝም ብሎ አይከትም ነበር፤ ያገላብጠዋል፣ በጣቱ ይዳስሰዋል። በንግሥቲቱ ትከሻ ላይ ያለው ጌጥ ዕንቁዎቹ አንድ በአንድ ጥርት ብለው ካልታዩት ይመልሰዋል። አንድ አገር ሙሉ ሕዝብ ገንዘቡን የሚያምነው በአንዲት ሴት ጌጥ ላይ ያሉትን ፈርጦች አይቶ መሆኑ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ጠገራው ከቤት ሲተርፍ ወደ አንጥረኛ ይሄዳል። አባት ለሚድራት ልጁ አልቦ ሲያሠራ ጠገራውን ቆጥሮ ያስረክባል፤ አንጥረኛው ከሰሉን አያይዞ፣ ወናፉን እየነፋ አቅልጦ፣ ቀጥቅጦ፣ ሽቦውን እያቀጠነ ስቦ ይሠራል። የእጁን ዋጋ ይቀበላል። ያ አልቦ ከዚያ በኋላ ጌጥም ነው፣ የክፉ ቀን መጠባበቂያም ነው። ዝናብ የጠፋ ዓመት በክብደቱ ይሸጣል። ዘመን ተለውጦ አልቦ ማድረግ ሲቀር ደግሞ የእናት አልቦ ቀልጦ የልጅ ድሪ ይሆናል፣ ድሪው ቀልጦ የልጅ ልጅ መስቀልና ቀለበት ይሆናል። አንድ ጠገራ ብር በአንድ ቤት ውስጥ መልኩን እየለዋወጠ ሦስት ትውልድ ያገለግል ነበር።

እንግዲህ ከመካከላችሁ አንዱ፣ «አያቶቻችን ራሳቸው ሲያቀልጡ ከኖሩ እኛን ምን ትከለክለናለህ?» ቢለኝ ጥያቄው ተገቢ ነው። ሁለት መልስ አለኝ።

የመጀመሪያው የብሩ ምንጭ መድረቁ ነው። ሐምሌ 1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ወጣ፤ ጠገራም ቀስ በቀስ ከገበያ ወጥቶ የቅርስ ፈላጊና የቱሪስት ዕቃ ሆነ። ቀድሞ አንድ አልቦ ቢቀልጥ ነገ ሌላ ጠገራ መጥቶ በዚያው እጅ፣ በዚያው አሠራር ሌላ አልቦ ይወጣ ነበር። ዛሬ አንድ አልቦ ሲቀልጥ በምትኩ የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ በፎርማ የፈሰሰ፣ ከጎኑ ካለው መቶ መሰሉ የማይለይ ነገር ነው። የቀለጠው አሠራር በዚያው ቀርቷል ማለት ነው።

ሁለተኛው የበለጠ የሚከነክነኝ ነው። እነዚያን ጌጦች የሠሩትን ሰዎች ስማቸውን አናውቅም። ባለእጅ በአገራችን እንዴት ይታይ እንደነበር ከእኔ ይልቅ አዛውንቶቹ ትነግሩናላችሁ። «ቀጥቃጭ» የሚባለው ስድብ ነበር፤ ሌሊት ጅብ ይሆናል ተብሎ የሚፈራ ነበር፤ ጌጡን አሠርቶ ልጁን ለጋብቻ የሚከለክለው ብዙ ነበር። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው የሚሰድብ እንዲቀጣ አዋጅ እስከማስነገር የደረሱት ነገሩ ከልክ በማለፉ ነው። ብርና ወርቅ የሚሠራው ከብረት ሠሪው ሻል ያለ ቦታ ቢኖረውም ስሙን በሥራው ላይ ያኖረ አንጥረኛ እጅግ ጥቂት ነው። ታዲያ ያ ሰው ምን ትቶልን ሄደ? ሽቦውን ያጠማዘዘበትን አኳኋን፣ የሞረዱን አካሄድ፣ በትንሽ መሮ ነጥብ በነጥብ የቸከቸከውን መስመር ነው የተወልን። እኔ አሮጌ አልቦ በማጉያ መነጽር ሳይ፣ መዶሻው ወዴት ያዘነብል እንደነበር አይቼ ሰውየው ግራኝ ሳይሆን አይቀርም እላለሁ። ይህን ያህል ቀርቤ ያየሁትን ሰው እሳት ውስጥ መጨመር ይከብደኛል።

ጌጥ ሲቀልጥ ምን እንደሚጠፋ ባሰብኩ ቁጥር አንድ ታሪክ ይመጣብኛል። በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም.፣ የፋሺስት ጣልያን ጦር አገራችንን በወረረ በሦስተኛው ወር፣ የጣልያን ሴቶች የጋብቻ ቀለበታቸውን አውልቀው ለጦርነቱ እንዲሰጡ ተጠሩ። ንግሥት ኤሌና ሮም መካከል ካለው ከማይታወቀው ወታደር መቃብር ዘንድ ቀድመው የራሳቸውን ቀለበት ሰጡ። በሮም ከተማ ብቻ ከ200 ሺህ በላይ ቀለበት ተሰበሰበ። ለሰጪዎቹ በምትኩ የብረት ቀለበት ታደላቸው። በስንቱ ቀለበት ውስጥ የባልና የሚስት ስም፣ የሠርግ ቀን ተቀርጾ ነበር ይሆን? ሲቀልጥ ሁሉም ያው ወርቅ ነው፤ ግራም ብቻ ነው፤ ያም ግራም በእኛ ላይ ለዘመተ ጦር ስንቅ ሆነ። በዚያው ዘመን የሮም መንግሥት ገንዘብ ማተሚያ የማሪያ ቴሬዛን ማኅተም ከቪየና ተረክቦ ወደ ኢትዮጵያ የሚላክ ጠገራ ይመታ ነበር። ሕዝባችን የሚያምነውን ገንዘብ ያውቁ ነበርና። ዛሬ በእጃችሁ ባለ አንድ አምባር ውስጥ ያ የወረራ ብር ቀልጦ ይኖር ይሆናል። ማንም ሊያውቅ አይችልም፤ እሳት ያለፈበት ነገር ከየት እንደመጣ አይናገርም።

አሁን ወደ ሥራው ልግባ፤ አንድ ጌጥ ብቻ በደንብ ላሳያችሁ።

አንዲት እናት በመሐረብ ቋጥረው አንድ የአንገት መስቀል አመጡልኝ። አሜሪካ ላለች ልጃቸው አቅልጬ ቀለበት እንድሠራላቸው ነው። መስቀሉ የወላጅ እናታቸው ነበር። ቀኝ ክንዱ የለም። ማንጠልጠያው ቀዳዳ ደግሞ ወደ ላይ ተበልቶ የቀረው ፀጉር የምታህል ብር ብቻ ነው። የበላው ማተቡ ነው፤ ለስላሳ የሐር ክር ዕድሜ ልኩን እየተሳበ ብርን እንደ መጋዝ ይቆርጣል። ፊቱ ላይ ክብና ነጥብ፣ ክብና ነጥብ ተቸክችኳል። ዘወር አድርጌ ወደ መስኮቱ ብርሃን ሳዘነብለው ጀርባው ላይ የደበዘዘ መስመር ታየኝ፤ እንደ ላባ የተደረደረ። ላባ ነው። በጠገራው ጀርባ ያለው ባለሁለት ራስ ንስር ክንፍ ነው። አንጥረኛው ጠገራውን አላቀለጠውም ነበር፤ እንዳለ በመሮ ቆርጦ መስቀል አውጥቶበታል። የታችኛው እግር ጫፍ ላይ ደግሞ የገንዘቡ የመጀመሪያ ጠርዝ ሳይሞረድ ቀርቶ ከጠርዙ ጽሑፍ ሁለት የላቲን ፊደላት ጎላ ብለው ቆመዋል።

እንግዲህ አያችሁ፤ ያ ስሙ ያልታወቀ ሰው እኔ ዛሬ የምሰብከውን ነገር ያኔውኑ አድርጎታል። ባዕድ ገንዘብ ወስዶ፣ ሳያቀልጥ፣ የራሱን ነገር ሠራበት።

ለእናትየው ፊደሎቹን በማጉያው አሳየኋቸው። ረጅም ጊዜ አዩ። ከዚያ «እንዲህ መሆኑን እናቴም አታውቅ» አሉኝ። ቀለበቱን ተዉት።

የጎደለውን ክንድ አልሠራሁለትም። አዲስ ክንድ ባበጅለት ከሩቅ ሙሉ ይመስላል፤ ቀርበው ሲያዩት ግን ሐሰት ነው። ከአዲስ ብር፣ ከ1000 እጅ 925 ንጹሕ ከሆነው፣ የሙሉ መስቀል ቅርጽ ያለው ቀጭን ክፈፍ ሠራሁ። አሮጌውን መስቀል በውስጡ አስገብቼ በትናንሽ ጥፍሮች ያዝኩት። በጎደለው ክንድ በኩል ክፈፉ ባዶውን ቆሟል። ጀርባውን አልደፈንኩትም፤ ንስሩና ፊደሎቹ እንዲታዩ መስኮት ከፈትኩለት። ማንጠልጠያው ያለው በክፈፉ ላይ ስለሆነ ከእንግዲህ ክሩ የሚበላው አዲሱን ብር ነው። ከአሮጌው አካል ጋር የተበየደ ምንም ነገር የለም። ወደፊት ከእኔ የተሻለ ሰው ቢመጣ ጥፍሮቹን ቀና አድርጎ መስቀሉን እንደነበረ ያወጣዋል። በክፈፉ ጀርባ ዓመተ ምሕረቱንና የራሴን ስም ቀረጽኩ። ወጣቶች፣ ይህችን አትርሱ፤ ስማችሁን ጻፉ። ከእኛ በፊት የነበሩት ያልተፈቀደላቸውን እኛ በፈቃዳችን አንተወው።

ለምን አልበየድኩም? ይህን ጉዳይ ሰፋ አድርጌ እነግራችኋለሁ፤ ስንት የሚያምር ጌጥ የሚጠፋው በዚህ ነው። አሮጌ ጌጥ በሕይወቱ ሳለ አንድ ሁለት ጊዜ ተጠግኗል። ጠጋኙ ሁልጊዜ አንጥረኛ አይደለም። ድስት የሚጠግነው፣ በኋላም ሬዲዮ የሚጠግነው፣ በእርሳስ ያጣበቀው ይበዛል። እርሳስ በ327 ዲግሪ ይቀልጣል፤ ከቆርቆሮ ጋር ሲደባለቅ ከዚያም በታች። የብር ብየዳ ግን ከ600 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል። እናንተ በቅንነት እሳቱን ስትለቁበት ያቺ ጠብታ እርሳስ ወደ ብሩ ሰርጋ ትገባና ታቦካዋለች፤ ዓይናችሁ እያየ ጌጡ ላይ ፈንጣጣ የመሰለ ቀዳዳ ይከፈታል። ከዚያ ወዲያ መመለሻ የለውም። ስለዚህ ማንኛውንም ስብራት ከማሞቃችሁ በፊት መጋጠሚያውን በማጉያ እዩት። ብሩ ሲጠቁር ወደ ጥቁር ሰማያዊ ያደላል፤ እርሳስ ግን አመድማ፣ ፍዝ፣ ተድበልብሎ የተቀመጠ ነው፤ በቢላ ጫፍ ስትነኩት እንደ ሳሙና ይላጣል። ካገኛችሁት አርጥባችሁ፣ በጥንቃቄ ጨርሳችሁ ፋቁት፤ ብናኙ መርዝ ነውና በደረቁ አትሞርዱት፣ እጃችሁን ሳትታጠቡ እንጀራ አትቁረሱ። ጨርሶ መውጣቱን ካላረጋገጣችሁ እሳቱን ተዉት። በጥፍር መያዝ፣ በሽቦ መጠምጠም፣ በቀለበት ማያያዝ፣ በቀዳዳ አሳልፎ መቀጥቀጥ፣ በክር መስፋት፤ ሁሉም ያለ እሳት የሚሠራ ነው፤ ሁሉም የሚፈታ ነው።

ክርን በሚመለከት አብዛኛው ድሪ የሚበተነው ክሩ ስለበሰበሰ ነው። የጥጥ ክር በላብና በቅባት ያልቃል። በሰም የታሸ ጠንካራ ክር ወይም ሐር ያዙ፤ በየዶቃው መካከል ቋጠሮ አድርጉ። ክሩ ቢበጠስ የሚወድቀው አንድ ዶቃ ብቻ ይሆናል፤ ብሩም ዶቃውን አይፍቀውም።

ዶቃው ራሱ ሊጠና የሚገባው ነው። በወሎና በሐረር አሮጌ ድሪዎች ውስጥ ከብሩ ጠልሰም ጎን የቬኒስና የቦሄሚያ ብርጭቆ፣ ቀይ ኮራል፣ ዛጎልና ቢጫው አምበር ተሰክተው ታገኛላችሁ። ቢጫ ሁሉ አምበር አይደለም። አንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ጨው እስኪጠግብ አሟሙና ዶቃውን ጣሉበት፤ እውነተኛው አምበር ይንሳፈፋል፣ ከፋብሪካ የወጣው ባክላይት ይሰጥማል። አውጥታችሁ በንጹሕ ውኃ አለቅልቁት። ባክላይት ቢሆንም አትጣሉት፤ እሱም አያታችሁ የመረጡት ነው።

እናቶች፣ ብር ሲጠቁር በሎሚና በአመድ ማሸት ለምደናል። ጥፍጥፍ ብር ብቻ ከሆነ ይሁን፣ ዛጎልና ቀይ ኮራል ላለበት ግን ሎሚ አታቅርቡ፤ እነሱ የኖራ ወገን ናቸው፣ አሲድ ይበላቸዋል። በጎድጓዳ ቦታዎቹ ውስጥ ያለውን ጥቁረት ደግሞ ሁሉንም አታውጡት። ቅርጹን የሚያሳየው እሱ ነው።

የብር ክታብ መያዣም ብዙ ጊዜ ይመጣል፤ ውስጡ ጽሑፍ ያለበት፣ የታሸገ። አትክፈቱት። የቁርኣን አንቀጽም ሆነ የግዕዝ ጸሎት፣ ያሸገው ሰው በምክንያት ነው ያሸገው። ከነመታሸጉ አዲስ ሰንሰለት አድርጉለት። የመስቀል ስብራት ከሆነም ባለቤቱን ሳትጠይቁ ለቀበቶ ወይም ለጫማ ጌጥ አታውሉት።

ወርቅስ? በወርቅ ነገሩ ቀላል ነው። ከዱባይ ወይም ከሪያድ የመጣ፣ ማሽን የሠራው፣ በየሱቁ መሰሉ ያለ ባለ21 ካራት ሰንሰለት ቢበጠስ ያለ ሐሳብ አቅልጡት። የማንም እጅ አይጠፋም። ብቻ ከባለ18 ካራቱ ጋር ሲደባለቅ መካከለኛ ካራት እንደሚሆን ለባለቤቱ አስቀድማችሁ ንገሩ፤ ሳይቀልጥ በፊቱ መዝኑ፣ ከቀለጠም በኋላ በፊቱ መዝኑ።

ከሙያው ይልቅ የሚከብደው እውነቱን መናገር ነው። በገበያ ላይ «የጥንት ነው» ተብሎ የሚሸጠው ድሪ ብዙው ሁለት ሦስት አሮጌ ፍሬ፣ የቀረው ትናንት የወጣ ነጭ ብረት ነው። መዳብ፣ ኒኬልና ዚንክ ነው፤ ብር የሚባል የለበትም፤ በኬሚካል አጥቁረው ያስረጁታል። አዲስ መሆኑ ነውር የለውም። እኔም አዲስ ነገር እጨምራለሁ። ነውሩ ዝም ማለቱ ነው። እኔ ለምሸጠው ጌጥ ሁሉ በትንሽ ወረቀት እጽፋለሁ፤ ይህ ፍሬ አሮጌ፣ ይህ አዲስ፣ ይህ ዶቃ ከሌላ ድሪ የመጣ። ዋጋው በዚህ ሲቀንስ አላየሁም። ቢቀንስም እጽፋለሁ።

ደግሞ ሁሉ ነገር መነካት የለበትም። አሠራሩ ብርቅ የሆነ፣ በጣም ጥንታዊ የመሰላችሁን ጌጥ አንድ ጥፍር ሳታሳርፉበት ለሚያውቅ ሰው አሳዩ። ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መዘክር የመስቀልና የጌጥ ስብስብ አለው፤ ሄዳችሁ አወዳድሩ። ወደ ውጭ አገር ለልጅ ለመላክ የምታስቡም በአዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንደማይወጣ አስታውሱ። ጌጡ ቅርስ አለመሆኑን አስመርምሮ ወረቀቱን መያዝ ኤርፖርት ላይ ከመነጠቅ ይሻላል።

አንድ ነገር ብቻ ቀርቶኛል፤ እሱም ጉጠት ከማንሳታችሁ በፊት የሚደረግ ነው። ጌጡን ከነስብራቱ ፊትና ጀርባውን ፎቶ አንሱት። ከዚያ ባለቤቱን አስቀምጣችሁ ጠይቁ፦ ማን አደረገችው፣ የት አገር፣ ለምን ድግስ፣ ማን ሠራው፣ እንዴት ተሰበረ። የሚነግሯችሁን በራሳቸው አነጋገር ጻፉት፤ አታሳምሩት። ወረቀቱ ከአዲሱ ጌጥ ጋር ይሂድ፣ ግልባጩ እናንተ ዘንድ ይቅር። የሠሪውን ስም የሚያስታውስ አንድ ሰው እንኳ ብታገኙ ትልቅ ነገር ነው። እኔ እስካሁን ያገኘሁት ጥቂት ነው፤ በዕድሜ የገፉት ሲያልፉ ደግሞ የሚጠየቅ አይኖርም።

በጨርቅ ቋጥራችሁ ይዛችሁ የመጣችሁ እንዳላችሁ አያለሁ። ጠረጴዛው ላይ መብራትና ሁለት ማጉያ መነጽር አለ። ኑ፣ አብረን እንይ፤ ጥያቄውንም እዚያው እንነጋገርበታለን።